የጫማ ቀለም ቤቱ ልጅና የገና መናፍስት

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ጫማዬን ባስጠረግኩ ቁጥር አንድ እንግሊዛዊ ትዝ ይለኛል። ሊስትሮዎቹ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዱ ከሌሞ ገጠር፣ አንዳንዱ ከዱራሜ በኩል የመጣ። ትንሽ ጠንከር ሲሉ አዲስ አበባ ይገባሉ። እንግሊዛዊው ደራሲው ቻርልስ ዲክንስ ነው። እሱም በ12 ዓመቱ እንጀራው የጫማ ቀለም ነበር።

በ1824 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አባቱ በዕዳ ታሰረ። ልጁ ለንደን ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ዳር ካለ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ተቀጠረ። የቀለሙን ዕቃ በወረቀት ይሸፍናል፣ በሲባጎ ያስራል፣ ምልክት ይለጥፋል። በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ሽልንግ። አባትየው ከተፈታ በኋላ እንኳ እናቱ ልጁ በሥራው እንዲቀጥል ፈልጋ ነበር። ይቺን ነገር ዕድሜ ልኩን አልረሳትም። ለአደባባይ ግን አላወጣትም፤ ሕዝብ የሰማው ከሞተ በኋላ ነው።

ታዋቂ ደራሲ ከሆነ በኋላ፣ በ1843፣ ስለ ሕፃናት የጉልበት ሥራ የወጣ የመንግሥት ሪፖርት አነበበ። መጀመሪያ ያሰበው የአቤቱታ ጽሑፍ ማሳተም ነበር። በመስከረም የለንደን ድሆች ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ሄዶ አየ። ከዚያ አቤቱታውን ተወና በስድስት ሳምንት ገደማ የመናፍስት ታሪክ ጻፈ፤ የገና መዝሙር የሚባለውን።

እዚህ ላይ ብዙም አይግረመን። እኛም በክረምት ማታ እሳት ዳር ተኮልኩለን ስለ ጅብና ስለ ሰይጣን እየሰማን፣ ደጅ መውጣት እየፈራን ነው ያደግነው። የእንግሊዝ ሰውም በገና ሰሞን እንዲያ ያደርግ ነበር። ደግሞ በኛ አገር ያሆዴ ሲደርስ የተጣላ እንደሚታረቅ፣ ያለው ለሌለው እንደሚያካፍል፣ በነሱም ዘንድ እጅ የሚፈታው በገና ነው። ዲክንስ ሁለቱን አንድ ላይ አመጣቸው። ስክሩጅ የሚባለውን ቋጣሪ የሞተ ሸሪኩ በሰንሰለት ታስሮ ይመጣበታል፤ ሦስት መናፍስትም ይከተላሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሙቱ አይደለም። የሁለተኛው መንፈስ ልብስ ሥር የተሸጎጡ ሁለት የከሱ ልጆች አሉ፤ ስማቸው ድንቁርናና ችግር ነው። እነሱ ናቸው እንቅልፍ የሚነሱኝ።

ሰውየውን መልአክ አናድርገው። ያኔ ሚስቱ አምስተኛ ልጅ አርግዛለች፣ በእጁ ያለው ልብ ወለድ እንደድሮው አልሸጥ ብሏል፣ ዕዳም አለ። ገንዘብ ፈልጎ ነው የጻፈው። የማሳተሚያውን ወጪ ራሱ ችሎ፣ የገጾቹን ጠርዝ በወርቅ አስቀብቶ አወጣው። በታኅሣሥ 19 ወጣ፤ እስከ ገና ዋዜማ 6,000 ቅጂ አለቀ። 1,000 ፓውንድ ሲጠብቅ ከመጀመሪያው ኅትመት የደረሰው 230 ነው። የመጽሐፉ ዋጋ 5 ሽልንግ ነበር፤ ያ የቀለም ቤት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ ቢገዛው ለዳቦ 1 ሽልንግ ይቀረው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ገና በመጣ ቁጥር መጻፍ ልማዱ ሆነ። እስከ 1848 አራት ተጨማሪ የገና መጻሕፍት አወጣ። በ1853 በርሚንግሃም ላይ ያንኑ ታሪክ ለበጎ አድራጎት በአደባባይ አነበበ፤ አንዱን ምሽት ሠራተኛው በርካሽ እንዲገባ አስደረገ። በሚያዝያ 1858 ለንደን ውስጥ ላለው የሕፃናት ሆስፒታል አነበበ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ለራሱ ኪስ ማንበብ ጀመረ፤ ሐሜቱም አልቀረለትም። እኔ አላማውም፤ አሥር ልጅ የወለደ ሰው ነው።

ንባቡ ግን ጤናውን በላው። ሐኪሞቹ ተው ቢሉትም በመጋቢት 1870 ለመጨረሻ ጊዜ መድረክ ወጣና የስክሩጅን ታሪክ አነበበ። በሰኔ ሞተ፤ 58 ዓመቱ ነበር።