የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የዘር ሐረግ

የዘር ሐረግ ስንቆጥር አባት፥ አያት፥ ቅድመ አያት እያልን በወንዱ በኩል እንወጣለን፤ የእናቶቻችንን ስም ግን ሁለት ትውልድ ሳንርቅ እናጣዋለን። ይህ ልማድ ምን ያህል ታሪክ እንደሚያስቀርብን ለመረዳት የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን ሕይወት መመልከት ይበቃል።

አባታቸው ኤድዋርድ ዛንደር ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። በ1840 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለሰሜኑ ገዥ ለደጃዝማች ውቤ አደረ። መሬት ነጥቆ እንደ ሰፈረ ቅኝ ገዥ ሳይሆን በሙያው የሚኖር የጌታ እንግዳ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ድል ሆኑ፤ ካሳ ኃይሉም ውቤ ባሠሯት በደራስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዛንደርም ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት አደረ። የወለተ ኢየሱስ እናት ግን የጎንደር ወይዘሮ ነበሩ፤ ስማቸውም ዕሴተ ወርቅ እንደ ነበር ይነገራል።

ወለተ ኢየሱስ ሞሪትዝ ሆልን አገቡ። ሆል በክራኮው ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ክርስትናን የተቀበለ፥ በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራው በጋፋት ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሞቱ። በዚያው የጦርነት ዘመን የተወለደችው የወለተ ኢየሱስ ልጅ ማግዳሌና ተባለች፤ ስሟ አምባውን ያስታውሳል።

ቤተሰቡ ከአገር ወጥቶ ኋላ በፍልስጥኤም በያፋ ተቀመጠ። ማግዳሌና በዚያ የሩስያ ተወላጅ የሆነውን ባሮን ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭን አገባች። ልጃቸው ዮና በ1892 እ.ኤ.አ. ተወለደ። የዮና ልጅ በዓለም የታወቀው ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው፤ በ1921 እ.ኤ.አ. በለንደን ተወልዶ፥ ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት አግኝቶ፥ በ2004 እ.ኤ.አ. ሞተ።

እንግዲህ የፒተርን ዘር በአባት በአባት ብንቆጥር ሩስያ ላይ እንደርሳለን፤ ጎንደር ጨርሳ አትገኝም። ወደ ጎንደር የሚያደርሱን ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ማግዳሌና፥ ወለተ ኢየሱስ፥ ዕሴተ ወርቅ። የመድፉን ስም ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ የእነዚህን እናቶች ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ጓዶች፥ ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ አያቶቻችንን የእናታቸውን ስም፥ የእናታቸውንም እናት ስም እንጠይቅ። ሳይረፍድም በደብተራችን እንጻፈው።