ጄምስ ዲን፤ የሃያ አራት ዓመት ዕድሜና ሦስት ፊልም

ጄምስ ዲን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1931 በአሜሪካ አገር፣ በኢንዲያና ተወለደ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቱ በካንሰር ሞተች፤ አባቱም ልጁን ከራሱ ጋር በማኖር ፈንታ ፌርማውንት ወደምትባል የገጠር ከተማ፣ ወደ አክስቱ ቤት ሰደደው። በኋላ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ የአባቱ ፈቃድ ሕግ እንዲማር ነበረ። እርሱ ግን ቴአትርን መረጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን ትቶ ኒውዮርክ ገባ። (ይህ ዓይነቱ ክርክር ለእኛ ለአርት ፋኩልቲ ሰዎች እንግዳ አይደለም።)

ኤልያ ካዛን «ከኤደን በስተ ምሥራቅ» ለተባለው ፊልሙ መረጠው። ዲን በመሪ ተዋናይነት ከሠራቸው ሦስት ፊልሞች በሕይወቱ ሳለ ለሕዝብ የታየው ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ዝናውን ያጸናው ግን በኒኮላስ ሬይ የተዘጋጀው «ያለ ምክንያት ዐመፀኛ» ነው። ወሬውን ብቻ የሰማ ሰው፣ ቀይ ጃኬት ለብሶ በጩቤ የሚፋለምና መኪና የሚያሽቀዳድም ጎረምሳ ይመስለዋል። የፊልሙ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ አባትዮው በሱፍ ልብሱ ላይ ሽርጥ አስሮ፣ የወደቀ ምግብ ለመልቀም ተንበርክኮ ሳለ ልጁ እንዲነሣ ይማጠነዋል። እንደ እኔ አሳብ የፊልሙ ስም ሐሰት ነው፤ ምክንያት አለው። የአዲስ አበባ ተማሪዎች በ1965 «መሬት ላራሹ» ብለው በወጡ ጊዜ ምክንያታቸውን በአደባባይ ጮኹ፤ ያ ልጅ ግን የሚናገርበት ቃል አጣ።

ሴፕቴምበር 30 ቀን 1955 ዲን በፖርሽ መኪናው ወደ እሽቅድምድም ሲጓዝ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጋጭቶ ሞተ። በዚያው ቀን፣ ከጥቂት ሰዓት በፊት፣ ስለ ፍጥነት በፖሊስ ተከሶ ነበረ። «ያለ ምክንያት ዐመፀኛ» ለሕዝብ የታየው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው።

ሰብሳቢዎች የተነሡት ከዚህ ወዲህ ነው። የዚያን ዘመን የፊልም ማስታወቂያ ለሽያጭ አይታተምም ነበር፤ ሲኒማ ቤቱ ከአከፋፋዩ ተቀብሎ ይሰቅላል፣ ሲያበቃ ይመልሳል ወይም ይጥላል። ስለዚህ የተረፈው ወረቀት ብርቅ ሆነ፤ የእጥፋቱ መስመር እንኳ ለእውነተኛነቱ ምስክር ነው ተብሎ ይመረመራል። ይህንስ እረዳለሁ። ነገር ግን የዚያች የተሰባበረች መኪና ካምቢዮ በ2021 በ382,000 ዶላር ተሸጠ! በአየር ጤና መንደሮች የሚዞረው ቆራሌው ቢያገኘው ኖሮ በኪሎ መዝኖ ይወስደው ነበር፤ ዋጋውን ከማን ይልቅ ማን በትክክል እንደሚያውቅ አንባቢ ይፍረድ።

ሦስተኛው ፊልሙ «ጃያንት» በ1956 ታየ። ከሞተ በኋላ ሁለት ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ አላገኘም። የተቀበረውም በዚያችው አባቱ በሰደደው ከተማ፣ በፌርማውንት ነው።