ከሜዳ እስከ ጉባኤ፦ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

ስለ እግር ኳስ ስንጫወት ዘወትር የምናነሣው ግብ ያገባውን ሰው ነው፤ ጨዋታው በሥርዓት እንዲካሄድ የደከመውን ግን እምብዛም አናስታውሰውም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሁለቱንም ስለ ነበሩ፥ ታሪካቸውን ለጓደኞቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

አቶ ይድነቃቸው የስመ ጥሩው ባለቅኔ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ሲሆኑ፥ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. የተቋቋመውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ገና በወጣትነታቸው ገብተው 23 ዓመት ያህል ተሰለፉለት። ተመዝግቦ እንደሚገኘው በ365 ግጥሚያ 318 ግብ አግብተዋል።

በ1949 ዓ.ም. ግብጽ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠርቱ፥ ከመሥራቾቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። አቶ ይድነቃቸውም ይህን የዘር መድልዎ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ታገሉት፤ የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደቡብ አፍሪካን ፈጽሞ ያባረረው በ1968 ዓ.ም. ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እርሳቸው ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዓረብ ሪፑብሊክ ገጠመ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነ በኋላ፥ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ።

ሆኖም ትልቁ ሥራቸው ከሜዳ ውጭ የተሠራው ይመስለናል። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ ከእስያና ከኦሺያኒያ ጋር በአንድ ቦታ ብቻ እንድትሻማ በተወሰነ ጊዜ፥ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ወጡ። ለዚህ ከተሟገቱት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ፤ ለ1962ቱ ውድድር አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው 15 ዓመት ሲያገለግሉ ቆይተው፥ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ 9 ቀጥተኛ ቦታ ተመድቧል። የአገራችን ቡድን ግን ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ የአፍሪካን ዋንጫ ደግሞ አላነሣም። አቶ ይድነቃቸው ለሌሎች ጭምር በሩን ከፈቱ፤ በዚያው በር መግባት ግን ለእኛ የተረፈ የቤት ሥራ ነው።