ፕሬዚዳንት ኬኔዲና በውጭ አገር ንግድ ሥራቸውን ያጡ ሠራተኞች

መንግሥት ለአገር ሁሉ ጥቅም ብሎ አንድ ነገር በወሰነ ጊዜ ጥቅሙ ለብዙዎች ሲዳረስ ጉዳቱ ግን በጥቂቶች ቤት ላይ ብቻ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ይህን አስቀድመው ከተመለከቱት የሕዝብ መሪዎች አንዱ 35ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ፊትዝጄራልድ ኬኔዲ ናቸው። ብዙ ሰው እኒህን ሰው የሚያስባቸው በአሟሟታቸው ነው፤ እኛ ግን ዛሬ የምንተርከው ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ ያሰቡትንና ያሰቡት የደረሰበትን ነው። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሠረት ነው።

ኬኔዲ በሜይ 29 ቀን 1917 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት በብሩክላይን ከተማ ተወለዱ። ቅድመ አያቶቻቸው ከአየርላንድ ተሰደው የመጡ ነበሩ፤ አባታቸው ግን ባለጸጋ ስለ ሆኑ ልጃቸው ሥራ ማጣትን ሳያውቁ አደጉ። በ1940 ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል አገልግለው፣ በ1943 የሚያዙት ጀልባ በጃፓን የጦር መርከብ ተገጭቶ በተሰበረ ጊዜ፣ ከሞት የተረፉትን ባልደረቦቻቸውን ወደ ደሴት መርተው አወጡ።

በ1947 የሕዝብ እንደራሴ፣ በ1953ም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ሆኑ። የመረጣቸው አገር በሎውል፣ በሎረንስ፣ በፎል ሪቨርና በኒው ቤድፎርድ ባሉት የጥጥና የሱፍ ፋብሪካዎቹ የታወቀ ነበረ። በዚያ ዘመን ግን ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ተዘግተው፣ ከፊሉም ሥራ ወደዚያው አገር ደቡባዊ ግዛቶች ሄዶ፣ ልጅ ከአባቱ እየተቀበለ በሽመና የኖረው ሕዝብ ሥራ ፈት ሆኖ ነበረ። ኬኔዲም በሜይ 1953 ስለዚሁ ችግር በምክር ቤቱ ፊት ሰፊ ንግግር አደረጉ።

በሚከተለው ዓመት የውጭ አገር ሸቀጥ በመግባቱ ምክንያት ለሚጎዱ ሠራተኞችና ፋብሪካዎች የመንግሥት እርዳታ እንዲሰጥ የሚል የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። አሳቡን አስቀድመው ያቀረቡት የብረት ሠራተኞች ማኅበር መሪ ዴቪድ ማክዶናልድ ነበሩ። ረቂቁ በዚያን ጊዜ አልጸደቀም፤ ኬኔዲ ግን አልተዉትም።

በ1961 ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ፣ በጃንዋሪ 25 ቀን 1962 ስለ ውጭ አገር ንግድ ለምክር ቤቶቹ መልእክት ላኩ። የአውሮፓ መንግሥታት በንግድ ተባብረው ስለ ነበረ አሜሪካም ከነርሱ ጋር ተስማምታ ቀረጥን እስከ እኩሌታ ለመቀነስ ሥልጣን እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ከዚሁም ጋር፣ ቀረጡ በመቀነሱ ሥራውን የሚያጣው ሰው የአገር ሁሉ ጥቅም ዋጋ ብቻውን እንዳይከፍል አሉ። ሕጉን በኦክቶበር 11 ቀን 1962 ፈረሙት። በዚህም ሕግ የተጎዳ ሠራተኛ ከደመወዙ እስከ 65 በመቶ የሚደርስ ገንዘብ እስከ 52 ሳምንት እንዲቀበል፣ አዲስ ሙያ እንዲማር፣ ሥራ ወዳለበት ስፍራ ሲዛወርም የመጓዣ እርዳታ እንዲያገኝ ተወሰነ። ታላላቆቹ የሠራተኞች ማኅበራትም ይህን ተስፋ አምነው ሕጉን ደገፉ።

ኬኔዲ ፍሬውን ለማየት አልታደሉም። በኦክቶበር 1963 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን በክብር ተቀበሉ፤ በኖቬምበር 22 ቀን በዳላስ ከተማ በጥይት ተመትተው ሞቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ባሕር ተሻግረው ለቀብራቸው ተመለሱ።

ሕጉ ግን ለሠራተኛው በሰማይ እንዳለች ላም ሆነበት። እስከ ኖቬምበር 1969 ድረስ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ የአንድም ሠራተኛ አቤቱታ አልተፈቀደም። ምክንያቱም ገንዘብ ስለ ጠፋ አይደለም። ለአቤቱታው ሁለት ማስረጃ ይጠየቅ ነበረ፤ የመጀመሪያው ሸቀጡ የበዛው በዋናነት ቀረጡ ስለ ተቀነሰ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛውም ሥራው የጠፋው በዋናነት በዚያው ሸቀጥ እንደ ሆነ ማስረዳት ነው። ይህን ከኢኮኖሚ ሊቅ በቀር ማን ያስረዳል? ጉድለቱም ከራሳቸው ከኬኔዲ ሕግ ውስጥ የነበረ ነው። ማኅበራቱም ተስፋ ቆርጠው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የውጭ አገር ሸቀጥ እንዲገደብ መጠየቅ ጀመሩ። በ1974 ምክር ቤቶቹ ያጸደቁት የንግድ ሕግ ማስረጃውን ካቀለለ በኋላ እጅግ ብዙ ሠራተኞች ተረዱበት፤ በጁላይ 2022 ግን ዘመኑ ሳይታደስ ስላለፈ አዲስ አቤቱታ መቀበል ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ሕግ አውጪም ሕግ ፈጻሚም ትምህርት ያገኛል። ኬኔዲ ረኃብን ሳያውቁ የተራበውን ማሰባቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን ቸርነት በመግቢያው ላይ ተጽፎ በሩ ከጠበበ፣ ደጅ የሚጠናው ሰው ከመጀመሪያው ተስፋ ካልሰጡት ሰው ይልቅ ይጎዳል፤ በመንግሥት ቃል ላይ ያለው እምነትም ከእንጀራው ጋር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለድኻ የሚሆን ደንብ የምንጽፍና የምንፈጽም ሁሉ፣ ከመፈረማችን በፊት ያ ከፋብሪካው የወጣው ሸማኔ በዚህ በር ሊገባ ይችላልን ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።