የታንጂሩ መንገደኛ ኢብን ባቱታ

ሰው ተወልዶ ባደገበት አገር ሲኖር የገዛ ልማዱን እንደ ልማድ አይቆጥረውም። አበላሉ፣ አለባበሱ፣ ሰላምታ አሰጣጡ ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ ይመስለዋል። ልማድ መሆኑን የሚረዳው ድንበር ተሻግሮ ሌላ ዓይነት አኗኗር ሲያይ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት የዕድሜውን እኩሌታ ያህል በሰው አገር የተንከራተተ፣ ያየውንም በመጽሐፍ ያስቀረ የአንድ መንገደኛ የሕይወት ታሪክ ነው። በምታነቡበት ጊዜ ያየውን ነገር ብቻ ሳይሆን ያየበትንም ዓይን ልብ በሉ። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኢብን ባቱታ በ1304 በሞሮኮ፣ በታንጂር ከተማ፣ ከሕግ ዐዋቂዎች ቤተ ሰብ ተወለደ። እርሱም እንደ ወገኖቹ የእስልምናን ሕግ ተማረ። በ1325፣ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ሳለ፣ የሐጅን ሥርዓት ለመፈጸም ከእናትና ከአባቱ ተሰናብቶ ብቻውን ወደ መካ ተነሣ። በዚያን ዘመን ከሞሮኮ እስከ ህንድ ድረስ በእስልምና ሕግ የሚተዳደሩ ብዙ መንግሥታት ስለ ነበሩ የተማረ ሰው በየደረሰበት ማደሪያና ሥራ አያጣም ነበር። በመሆኑም ወጣቱ ሐጁን ከፈጸመ በኋላ ወደ ቤቱ በመመለስ ፈንታ መንገዱን ቀጠለ።

በ1331 ገደማ በቀይ ባሕር አልፎ ወደ እኛ አካባቢ መጣ። በዚያን ጊዜ ለኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ንግድ በር በነበረችው በዘይላ ወደብ፣ የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ሽታ ስለ ከበደው፣ ባሕሩ ቢናወጥም ሌሊቱን በመርከብ ላይ ማሳለፍን መረጠ። በሞቃዲሾ ግን ሌላ ነገር ገጠመው። መርከብ ሲደርስ ወጣቶች የተከደነ ምግብ ይዘው በጀልባ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱም ለአንድ ነጋዴ ምግቡን አቅርቦ እንግዳው ያደርገዋል። ኢብን ባቱታ ነጋዴ ሳይሆን የሕግ ሰው መሆኑ ሲታወቅ በአገሩ ደንብ መሠረት አስቀድሞ ወደ ሱልጣኑ ተወሰደ፤ ሩዝ በቅቤ፣ በወተት የተቀቀለ ሙዝም ቀረበለት።

ልማድንና ቋንቋን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የተረዳው ግን በአናቶሊያ፣ ማለት በዛሬይቱ ቱርክ ነው። በላዲቅ ከተማ ገበያ ሲያልፍ ሰዎች ከየሱቃቸው ወጥተው የፈረሶቹን ልጓም ያዙ። ሌሎች ደግሞ መጥተው ከእነርሱ ጋር ተጣሉ፤ ጩቤም ተማዘዙ። መንገደኛው ወንበዴዎች መስለውት ነፍሱ ተጨነቀች። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው በደረሰ ጊዜ ግን ጠቡ ስለ ሌላ ነገር እንዳልሆነ ተገለጠ፤ ሁለት የወጣት ማኅበራት እንግዳውን እኛ እናሳድር፣ እኛ እናሳድር በመባባል ኖሯል የተጣሉት! በመጨረሻም ዕጣ ተጣጣሉ፤ ዕጣው የወጣለት ማኅበርም በክብር አስተናገደው።

ከዚያም ወደ ህንድ ሄዶ በዴልሂ ሱልጣን ዘንድ ዳኛ ሆነ። የአገሩን ቋንቋ ባለማወቁም ረዳቶች ተመደቡለት። በ1342 የሱልጣኑ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ቻይና ቢላክም በካሊከት ወደብ መርከቦች በማዕበል ስለ ተሰበሩ ጉዞው ተጨናገፈ። በዚህ ጊዜ ነው ወደ ማልዲቭ ደሴቶች የተሻገረው።

በማልዲቭ ሹመት ተሰጥቶት ዳኛ በሆነ ጊዜ የሁለት ልማዶች ግጭት በግልጽ ታየ። ሕዝቡ እንደ እርሱ እስላም ነው፤ ጸሎት አዘውታሪና ንጽሕና ወዳድም ነው። ነገር ግን ሴቶቹ ከወገብ በታች ብቻ አገልድመው በአደባባይ ይሄዱ ነበር፤ በዙፋን ላይ የተቀመጠችውም ሴት ነበረች። አዲሱ ዳኛ ሴቶች ሁሉ ገላቸውን እንዲሸፍኑ አዘዘ፤ የሰማው ግን አልነበረም። ትእዛዙ የተፈጸመው በችሎቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያልተሸፈነች ሴት ለክርክር እንዳትገባ ከልክሎ ነበርና። በሌላ ቀን በአንድ ሌባ ላይ የእጅ መቆረጥ ፍርድ ሲሰጥ በችሎቱ ከተገኙት ደሴተኞች ብዙዎቹ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። በቤቱም ቢሆን ዳኛው አሸናፊ አልነበረም። በአገሩ ልማድ ሚስት ከባልዋ ጋር አትበላም፤ ካገባቸው ሴቶች አንዳንዶቹ አብረውት ቢበሉም ሌሎቹ ግን ሲበሉ እንኳ ሊያያቸው ሳይችል ቀረ።

ቻይናን ስለ ማየቱ የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ እርሱ እንዳስጻፈው ከሆነ፣ በ1345 ገደማ ወደዚያ ደርሷል። ለመንገደኛ ከቻይና የሚሻል ሰላማዊ አገር እንደሌለ መስክሮ፣ ሐሩንና የወረቀት ገንዘቡን አድንቋል። ዳሩ ግን ልማዱ ሁሉ እንግዳ ስለ ሆነበት ልቡ አልረጋም፤ ያለ ችግር ከቤት አይወጣም ነበር። አንድ ቀን ከታንጂር ብዙም ከማትርቀው ከሴውታ የመጣ ሰው ባገኘ ጊዜ ሁለቱም ተላቀሱ።

በ1348 ወደ አገሩ ሲመለስ ደማስቆ ላይ አባቱ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት እንደ ሆነው ተነገረው። በሚቀጥለው ዓመት ሞሮኮ ሲገባ ደግሞ እናቱን በዚያ ወራት ዓለምን ያጠፋው ወረርሽኝ እንደ ወሰዳት ሰማ። ተማሪዎች ሆይ፣ ያ ሁሉ አገር የታየው በዚህ ዋጋ ነው።

በ1352 በሰሐራ በረሃ በኩል ወደ ማሊ መንግሥት ወረደ። በዋላታ ገዢው ነጋዴዎቹን በቅርብ ቆመው ሳሉ በአስተርጓሚ ሲያነጋግራቸው እንደ ንቀት ቆጥሮት አዘነ፤ በዚያ አገር ግን ትልቅ ሰው በአፈ ቀላጤ መናገሩ የማዕረግ ምልክት ነበር። ንጉሡ መንሳ ሱሌይማን የእንግዳ መቀበያ ሲልክለትም የክብር ልብስና ወርቅ ሲጠብቅ ሦስት እንጐቻ፣ ቁራጭ የበሬ ሥጋና አንድ ቅል እርጎ ቢመጣለት ሳቀ። በንጉሥ ፊት በራስ ላይ አፈር መነስነስንና የገረዶችን ራቁትነት ነቀፈ። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ግፍ የተጠላባት፣ መንገደኛ ሌባ የማይፈራባት አገር መሆኗን መሰከረ፤ በዚያ የሞተ ባዕድ ሀብቱ ምንም ያህል ቢበዛ ሳይነካ ለወራሹ እንደሚጠበቅ አስጻፈ።

በ1354 ወደ ፌዝ ከተማ ተመልሶ በሞሮኮ ሱልጣን ትእዛዝ ትዝታውን ኢብን ጁዘይ ለተባለ ጸሐፊ ነገረ። መጽሐፉ ከቀደሙ ጸሐፍት የተወሰዱ ክፍሎች ቢገኙበትም፣ በተለይ ለምሥራቅና ለምዕራብ አፍሪካ ታሪክ ብርቅ ምንጭ ነው። ደራሲው ከዚያ በኋላ በአገሩ በዳኝነት ሲያገለግል ኖሮ በ1368 ወይም በ1369 እንደ ሞተ ይነገራል።

ከዚህ ታሪክ ምን ትገነዘባላችሁ? ኢብን ባቱታ የትም ቢሄድ የታንጂርን ሚዛን ከእጁ አላወረደም፤ ብዙ ጊዜም በዚያ ሚዛን ተሳሳተ። እርጎው ለላኪው የአክብሮት ስጦታ ነበር፤ ለተቀባዩ ግን መሳቂያ ሆነ። በአገራችንም ጉርሻ የፍቅር ምልክት መሆኑን የማያውቅ እንግዳ፣ እጅ ወደ አፉ ሲዘረጋ ደንግጦ ወደ ኋላ ሊል ይችላል። የመንገደኛው ቁም ነገር ግን የነቀፈውን አገር መልካምነት ሳይደብቅ ማስጻፉ ነው። እናንተም ወደ ሌላ አውራጃም ሆነ ወደ ሌላ አገር ስትሄዱ ግር የሚላችሁ ነገር አይጠፋም። በዚያን ጊዜ ከመፍረዳችሁ በፊት ልማዱ ለባለቤቶቹ ምን ትርጉም እንዳለው ጠይቁ።

መልመጃ

1. በላዲቅ ገበያ የተነሣው ጠብ መንገደኛውን ያስፈራው ለምንድን ነው?
2. የማልዲቭ ሴቶች ትእዛዙን ያልተቀበሉት ለምን ይመስላችኋል?
3. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ልማድ ለማያውቀው እንግዳ እንዴት እንደሚታይ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።