አርፓድ ኤሎ

አርፓድ ኤሎ (ነሐሴ 19 ቀን 1895 – ጥቅምት 26 ቀን 1985 ዓ.ም.) በሀንጋሪ ተወልደው በአሜሪካ የኖሩ የፊዚክስ መምህርና የቼስ ተጫዋች ነበሩ። ስማቸው ዛሬም የሚነሳው የተጫዋቾችን ጥንካሬ በቁጥር ለመለካት ባወጡት ዘዴ ምክንያት ነው። በኢንተርኔት ቼስ የሚጫወት ወይም የቼስ እንቆቅልሽ የሚፈታ ሰው ከስሙ ጎን የሚያየው ቁጥር፣ ማለትም ሬቲንጉ፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከእሳቸው ስሌት የመጣ ነው። «ኤሎ» በላቲን ፊደል ብዙ ጊዜ በትልልቅ ሆሄያት ብቻ ስለሚጻፍ ምህጻረ ቃል ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ስም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሕይወት

ኤሎ በ1903 የተወለዱት ያኔ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ መንግሥት አካል በነበረችው ሀንጋሪ፣ ኤጅሃዛሽኬሶ በምትባል መንደር ነው። ወላጆቻቸው ገበሬዎች ነበሩ። በ1913 ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ኤሎ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1925 የመጀመሪያ፣ በ1928 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከ1926 ጀምሮ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚልዋኪ ከተማ በሚገኘው ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተማሩ፤ ጡረታ የወጡት በ1969 ነው።

በቼስ የዊስኮንሲን ግዛት ሻምፒዮና ስምንት ጊዜ አሸንፈዋል። በዓለም ደረጃ ከሚጠቀሱት ተጫዋቾች ተርታ ባይሰለፉም ጨዋታውን ከውስጥ ያውቁት ነበር። በ1957 ሚልዋኪ ውስጥ በተካሄደ ውድድር ከ14 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር ጋር ተጋጥመው ልጁ አሸነፋቸው። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን (ፊዴ) በኤሎ ዘዴ የተሠራውን የመጀመሪያ ይፋዊ ዝርዝር ሲያወጣ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ይኸው ፊሸር ነበር፤ ሬቲንጉ 2760።

በአስተዳደርም በኩል ሠርተዋል። በ1935 የአሜሪካ ቼስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህ ድርጅት ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋህዶ በ1939 የዩናይትድ ስቴትስ ቼስ ፌዴሬሽን ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በ1988 በአሜሪካ የቼስ የዝና አዳራሽ ስማቸው ሰፈረ። በ1992 በዊስኮንሲን፣ ብሩክፊልድ ከተማ አረፉ።

ከእሳቸው በፊት የነበረው ዘዴ

የዩናይትድ ስቴትስ ፌዴሬሽን ከ1950 ጀምሮ ይጠቀም የነበረው ኬነት ሃርክነስ ባዘጋጁት ዘዴ ነው። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በውድድር ውስጥ ያገኘሃቸው ተጋጣሚዎች አማካይ ሬቲንግ ይወሰዳል፤ ግማሹን ነጥብ ካገኘህ ያ አማካይ ያንተ ውጤት ይሆናል፤ ከ50 በመቶ በላይ ወይም በታች ለሆነው ለእያንዳንዱ አንድ በመቶ ደግሞ 10 ነጥብ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል።

ለእጅ ስሌት ቀላል ነው። ችግሩ ጫፍ ላይ ይታያል። ሬቲንጉ 1800 የሆነ ሰው አማካያቸው 2400 ከሆነ ተጋጣሚዎች ጋር ተጫውቶ ሁሉንም ቢሸነፍ፣ ቀመሩ 2400 ሲቀነስ 500፣ ማለትም 1900 ይሰጠዋል። አንድም ግማሽ ነጥብ ሳያገኝ 100 አተረፈ ማለት ነው!

የኤሎ ስሌት

ፌዴሬሽኑ ዘዴውን እንዲመረምሩ በ1959 ኤሎን የኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጋቸው። አዲሱ ዘዴ በ1960 በአሜሪካ፣ በ1970 ደግሞ በፊዴ ተቀባይነት አገኘ።

ኤሎ ጥያቄውን ያዩት እንደ ፊዚክስ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ሬቲንግን የሽልማት ነጥብ አድርገው አላሰቡትም፤ ሊታይ የማይችል ነገር ግምት አደረጉት። አንድ ተጫዋች አንድ ቀን ጥሩ፣ ሌላ ቀን መጥፎ ይጫወታል፤ ብቃቱ በአንድ አማካይ ዙሪያ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ መዋዠቅ ኖርማል ስርጭትን እንደሚከተልና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 200 እንደሆነ አድርገው ወሰዱ። 200 የተመረጠው ቀድሞ የነበሩት የተጫዋቾች እርከኖች በ200 ነጥብ ይለያዩ ስለነበር ነው፤ ሰው የለመደውን ቁጥር ሳያፈርሱ ከሥሩ ያለውን ትርጉም ቀየሩት።

ከዚህ የሚከተለው ትንበያ ነው። ከሁለት ተጫዋቾች ልዩነት ተነስቶ የሚጠበቀውን ውጤት ማስላት ይቻላል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ኖርማሉን በሎጂስቲክ ከርቭ የተካው ነው፦

የሚጠበቅ ውጤት = 1 ÷ (1 + 10^(ል ÷ 400))

«ል» የተጋጣሚው ሬቲንግ ሲቀነስ የራስ ሬቲንግ ነው። እኩል ከሆኑ 0.5፣ በ200 የሚበልጥ ተጫዋች 0.76 ገደማ፣ በ400 የሚበልጥ 0.91 ገደማ ይጠበቅበታል። ከጨዋታው በኋላ ከተገኘው ውጤት (ለማሸነፍ 1፣ ለአቻ 0.5፣ ለመሸነፍ 0) የሚጠበቀው ተቀንሶ «ኬ» በሚባል ቁጥር ይባዛና በነበረው ሬቲንግ ላይ ይደመራል። ኬ 20 ነው እንበል። የ1600 ተጫዋች ከ2000 ጋር ሲገጥም የሚጠበቅበት 0.09 ብቻ ነው። ቢሸነፍ የሚያጣው 1.8 ነጥብ፣ አቻ ቢወጣ የሚያገኘው 8.2፣ ቢያሸንፍ 18.2 ይሆናል። ከላይ ያየነው የ1800 ተጫዋች እዚህ ሁሉንም ተሸንፎ ሊያተርፍ አይችልም። ኮድ መጻፍ ለሚለማመድ ተማሪ ይህ ሁሉ ከአስር መስመር አይበልጥም፤ ኤሎ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፊዴን ስሌት ራሳቸው ይሠሩት ነበር።

በ1978 ባሳተሙት የቼስ ተጫዋቾችን ሬቲንግ በሚመለከት መጽሐፍ ወደ ኋላ ተመልሰው የቀደሙትን ሻምፒዮኖች ሳይቀር አስልተዋል፤ ለካፓብላንካ 2725፣ ለሞርፊ 2690 ሰጥተዋል። እነዚህ ቁጥሮች እስከ ዛሬ ክርክር ያስነሳሉ። ዘዴው የሚለካው እርስ በርስ በተጋጠሙ ሰዎች መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጫዋች ከዛሬው ጋር አልተጋጠመም።

ከኤሎ በኋላ፦ የቼስ እንቆቅልሾች

የኤሎ ሐሳብ ከቼስ ውጭም ሄዷል። ፊፋ ከ2018 ወዲህ የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖችን ደረጃ የሚያወጣው ከዚህ በተወሰደ ስሌት ነው፤ የዋልያዎቹም ነጥብ በዚሁ ይሰላል። ኤሎን ራሳቸውን ያስገርም የነበረው አጠቃቀም ግን የእንቆቅልሹ ይመስላል፤ ምክንያቱም እዚያ ከሁለቱ ተጋጣሚዎች አንዱ ሰው አይደለም።

የቼስ ድረ ገጾች እንቆቅልሹን እንደ ተጫዋች ይቆጥሩታል። ፈቺው ትክክለኛዎቹን እርምጃዎች ካገኘ አሸነፈ፤ ከተሳሳተ እንቆቅልሹ አሸነፈው። የሁለቱም ሬቲንግ ይስተካከላል። በዚህ መንገድ ማንም ዳኛ ሳይመድበው የእንቆቅልሹ ክብደት ከፈቺዎቹ ውጤት ራሱ ይወጣል። ሊቼስ ለዚህ የሚጠቀመው ግሊኮ-2 የተባለውን ነው። የግሊኮ ዘዴዎችን ያወጡት አሜሪካዊው የስታትስቲክስ ምሁር ማርክ ግሊክማን ሲሆኑ፣ በኤሎ ላይ የጨመሩት ዋና ነገር እርግጠኝነት ነው፦ ከሬቲንጉ ጎን ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳይ ሁለተኛ ቁጥር ይያዛል። አዲስ ፈቺ ወይም አዲስ እንቆቅልሽ ብዙም ስለማይታወቅ በአንድ ውጤት በብዙ ነጥብ ይዘላል። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሞከሩት እንቆቅልሽ ግን ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም።

እዚህ ላይ የኤሎ መነሻ ግምት በከፊል ይናጋል። እንቆቅልሽ መጥፎ ቀን የለውም፣ አይደክምም፣ አይሻሻልም፤ የሚዋዥቀው ፈቺው ብቻ ነው። ፈቺውም በእውነተኛ ጨዋታ ማንም የማይነግረውን ነገር አስቀድሞ ያውቃል፦ በቦርዱ ላይ የሚፈለግ መልካም እርምጃ እንዳለ። በዚያ ላይ የእንቆቅልሽና የጨዋታ ሬቲንግ የሚሰሉት በተለያዩ ስብስቦች ውስጥ ነው። በእንቆቅልሽ 2200 የደረሰ ተማሪ በጨዋታ 1600 ላይ ቢቀር ስሌቱ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከእንቆቅልሾች፣ ሁለተኛው ከሰዎች ጋር ያለውን ርቀት ነው የሚናገረው።