ገርማሜ ንዋይ፦ መሬት ለሌለው መሬት የሰጡ የወላይታ አውራጃ ገዥ

የገርማሜ ንዋይ ስም በአብዛኛው የሚነሣው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ጋር ነው። ለወላይታ ሕዝብ ግን ታሪካቸው ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆነው ሶዶ ላይ ተቀምጠው ሠርተዋል። ጸጥታን የማስከበር፣ ግብርን የማሰባሰብና የሕዝብን አቤቱታ የመስማት ኃላፊነት በእጃቸው ነበር። ያንን ሥልጣን ለመሬት አልባ ገበሬዎች መሬት ለመስጠት ተጠቀሙበት። ሥልጣኑ ከእጃቸው የወጣውም በዚሁ ሳቢያ ነበር።

ገርማሜ በ1917 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ተወለዱ። ታላቅ ወንድማቸው መንግሥቱ ንዋይ የውትድርናን መንገድ መርጠው ኋላ በብርጋዴር ጄኔራልነት የክብር ዘበኛ አዛዥ ሲሆኑ፣ ገርማሜ ግን በትምህርት ገፉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ ወደ አሜሪካ ተልከው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማስተርስ ዲግሪያቸውን አገኙ። ለማስተርስ ዲግሪያቸው የጻፉት ጥናት ነጭ ሰፋሪዎች በኬንያ መሬት ስለ ያዙበት ፖሊሲና ፖሊሲው ስላስከተለው ውጤት ነበር። የአገሬው ገበሬ ከአባቶቹ መሬት ተነቅሎ በገዛ አገሩ የሰው አገልጋይ እንዴት እንደሚሆን በዚያ ጥናት መረመሩ።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ አገራቸው ተመልሰው የመንግሥት ሥራ ያዙ። ብዙም ሳይቆዩ የተማሩ ወጣቶችን እያሰባሰቡ ስለ አገሪቱ ኋላ ቀርነት መወያየት ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ወደ ነበረው የወላይታ አውራጃ በገዥነት ተላኩ።

ወላይታ ሲደርሱ ያገኙት ችግር ሥሩ ሩቅ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ተሸንፈው ከተማረኩ ወዲህ፣ ከአውራጃው መሬት ብዙው ለጦር አለቆች፣ ለሹማምንትና ለባላባቶች ተከፋፍሎ ነበር። እንሰቱን የሚተክለው፣ ቦዬውንና ጎደሬውን የሚያወጣው፣ በቆሎውን የሚያርሰው ገበሬ አብዛኛው ጭሰኛ ሆነ። ከምርቱ ለባለ መሬቱ ያካፍላል፤ ባለ መሬቱ ሲፈልግ ያስነሣዋል። በቦዲቲና በዳሞት ዙሪያ ባለው ደጋ ሕዝቡ እጅግ ተጠጋግቶ የሚኖር በመሆኑ፣ ከማሳው የተነሣ ገበሬ ሌላ ማሳ ማግኘት አይሆንለትም ነበር። በአንጻሩ በአውራጃው ውስጥ ማንም የማያርሰው ሰፊ ጠፍ መሬት ነበር።

አንድ ገዥ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያስከብረው ሕግ የማንን ጥቅም እንደሚጠብቅ መጠየቁ አይቀርም። በጊዜው በነበረው ሥርዓት ባለርስቱ ጭሰኛውን ሲያስነሣ ደጋፊው የመንግሥት ክንድ ነበር። ገርማሜ ይህንን ክንድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ለማዞር ሞከሩ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን መሬት ለመሬት አልባ ገበሬዎች እያከፋፈሉ አሰፈሩ። ከዚህ ጎን ለጎን መንገድ እንዲጠረግ፣ ድልድይ እንዲሠራና ትምህርት ቤት እንዲከፈት ሕዝቡን አስተባበሩ።

ባለርስቶቹ ግን ዝም አላሉም። አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዱ። ገርማሜ ስለ አድራጎታቸው ተጠየቁ፤ ከወላይታም ተነሥተው ወደ ጅጅጋ አውራጃ ተዛወሩ።

ይህ የሆነው የሥልጣኑ ምንጭ ላይ ስለ ነበረ ነው። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ መሠረት የጠቅላይ ግዛትም ሆነ የአውራጃ ገዥ በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማል፤ በንጉሠ ነገሥቱ ይሻራል። ገርማሜ በተማሩባት አሜሪካ የአንድን አካባቢ ጸጥታ የሚያስከብረውን ሸሪፍ የተባለ ሹም ነዋሪው ራሱ በድምፁ ይመርጣል፤ ካልወደደውም በሚቀጥለው ምርጫ ያወርደዋል። በኢትዮጵያም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያው ምርጫ ተካሂዶ ነበር። ይሁንና ምርጫው የአውራጃ ገዥን አይመለከትም፤ ለእንደራሴነት ለመወዳደርም ንብረት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ገርማሜ ሲነሡ መሬት ያገኘው ገበሬ ሹመታቸውን የሚያጸናበት ድምፅ አልነበረውም። የባለርስቱ ቃል ግን ቤተ መንግሥት ይሰማ ነበር።

በጅጅጋም ሥራቸው ከአርብቶ አደሩ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ለሕዝቡና ለከብቱ ውኃ፣ ለልጆች ትምህርት፣ ለታመመው ሕክምና እንዲገኝ ጣሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት፣ በሁለቱ አውራጃዎች ያዩት ነገር አንድ መደምደሚያ ላይ አደረሳቸው፤ ይኸውም ማእከላዊው ሥርዓት ሳይለወጥ አንድ ገዥ በአውራጃው የሚሠራው ሥራ አይጸናም የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል በነበሩበት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ ገርማሜና ወንድማቸው መንግሥቱ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡና የጸጥታ ኃላፊው ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁም አብረዋቸው ነበሩ። የምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆሙ። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲከሽፍ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከነበሩት መሳፍንት፣ መኳንንትና ሚኒስትሮች አሥራ አምስት ያህሉ ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኙ ነበር። በወላይታ ማረሻ ለሌለው ማሳ የሰጡት ሰው ስም ከዚያ ደም ጋር አብሮ ይነሣል፤ ሕይወታቸውን የሚመዝን ሰው ሁለቱንም በሚዛኑ ላይ ማኖር አለበት።

ወንድማማቾቹ ከአዲስ አበባ ሸሽተው ታኅሣሥ 15 ቀን 1953 ዓ.ም. በሞጆ አካባቢ ተከበቡ። ገርማሜ እዚያው ሞቱ፤ አስከሬናቸውም አዲስ አበባ መጥቶ ሕዝብ እንዲያየው ተሰቀለ። መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ፤ ለፍርድ ቀርበውም መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ። ገርማሜ ሲሞቱ ዕድሜያቸው 36 ዓመት ገደማ ነበር።

የመሬቱ ጥያቄ ግን አብሯቸው አልተቀበረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ እያሉ አደባባይ ወጡ። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ በወላይታ የተጀመረው፣ ዋዱ በሚል ስም የሚታወቀው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በደጋው የተጨናነቁ ገበሬዎችን ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ ወስዶ አስፍሯል። አንድን ገዥ ያስነሣው ሐሳብ ከአሥር ዓመት በኋላ የመንግሥት ዕቅድ ሆነ ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የጭሰኝነትን ሥርዓት ፈጽሞ ሻረ።

ዛሬ በቦዲቲ ዙሪያ ጭሰኛና ባለርስት የለም፤ የማሳው ጥበት ግን ከአባት ወደ ልጅ እየባሰ ወርዷል። የወረዳውንም የዞኑንም አስተዳዳሪ የሚሾመው በምርጫ የሚቋቋም ምክር ቤት ነው። በገርማሜ ዘመን የነበረው ጭሰኛ ገዥው ሲነሣበት ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው አልነበረም። የዛሬው ገበሬ ግን መሬቱን የሚያስተዳድርለትን ሹም የሚጠይቅበት የምርጫ ካርድ በእጁ አለ።